የስድስት ሰው ዓይን

ገንዘብ ያለው ሰው ዕቃ ሲገዛ ዕቃውን ይመርጣል፤ ገንዘብ የሌለው ግን አስቀድሞ ምክንያቱን ይመርጣል። ባለ ገንዘቡ ከሱቁ ገብቶ «የቱ ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛ ተማሪዎች ግን ከሱቁ ደጃፍ ሳንደርስ «ለምን?»፣ «ለማን?»፣ «እስከ መቼ?» የሚሉትን ጥያቄዎች መልሰን መጨረስ ግድ ይሆንብናል። ዛሬ በዚህ መጽሔት ልንጽፍ የተነሣነው ስለ አንድ ውሃ የማያስገባ ዲጂታል ካሜራ ነው። አንባቢያችን «የካፌው ወጥ ሳይወፍር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ሳይጠገን፣ ደግሞ የባሕር ካሜራ!» ብሎ ሳይቆጣ ጥቂት ይታገሠን። ነገሩ ከቅንጦት ይልቅ ከቁጠባ ጋር የተያያዘ ነውና።

እንደሚታወቀው አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ የእኛ ትውልድ ቀይ ባሕርን የሚያውቀው በካርታ ላይ ነው። የጅቡቲው የቀድሞ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቋል፤ የመንገዱም ርዝመት ወደ 750 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ የላቦራቶሪው ዕቃ፣ አብዛኛው በዚያ በር ይገባል። ዕቃው የሚመጣበትን ባሕር ግን ዕቃውን ከምንጠቀም ከእኛ መካከል ያየው ጥቂት ነው።

ባሕሩን ሌሎች አይተውልናል። ሉዊ ቡታን የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1893 በባንዩልስ ሱር ሜር ጠረፍ ከውሃ በታች ፎቶግራፍ አነሣ። ዣክ ኩስቶም በመርከቡ እየዞረ፣ ቀይ ባሕርንም ጨምሮ፣ በውሃ ሥር የቀረጸው «ዝምተኛው ዓለም» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1956 በካን የፊልም በዓል ትልቁን ሽልማት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ኩስቶ ካሊፕሶ የተባለችውን ውሃ የማትፈራ ካሜራ ከአንድ ቤልጅጋዊ መሐንዲስ ጋር ሆኖ ለገበያ አበቃ፤ ኒኮን መብቱን ወስዶ ከ1963 ጀምሮ ኒኮኖስ በሚል ስም ሠራት። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከባሕሩ የአንድ ሌሊት መንገድ ርቀን የምንኖር ሰዎች የባሕሩን ሆድ ሁልጊዜ በሌላ ሰው ዓይን ብቻ ማየታችን ያስቆጨን ነበር።

እኛ ስድስት ነን፤ በአንድ የመኝታ ክፍል የምንኖር። ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት፣ በጥር ወር፣ የአንዳችን አጎት በከባድ መኪና ሾፌርነት ጅቡቲ ስለሚመላለሱ «ኑ፣ ማረፊያ አላጣላችሁም» አሉን። ስድስታችንም ገንዘብ አዋጣን። መሄድ የቻልነው ግን ሦስት ብቻ ነን፤ የአንዱ ፓስፖርት አልደረሰም፤ የሁለቱ ገንዘብ ለመዋጮው እንጂ ለመንገዱ አልበቃም። እነዚህ ሦስቱ ገንዘባቸውን አንመልስም አሉ። «ካሜራ ግዙበትና ባሕሩን ይዛችሁልን ኑ» አሉን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ካሜራው የሦስት መንገደኞች መጫወቻ መሆኑ ቀረ፤ የስድስት ሰው ዓይን ሆነ። ዓይን ደግሞ በግምት አይገዛም።

የቀሩት ወንድሞቻችን ትእዛዝም ሰጡን። የባዮሎጂው ተማሪ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ በግራ ጎኑ፣ ከስንጥቡ ኋላ ያለውን ቦታ አንሥታችሁ አምጡ አለ። ሁለተኛው የኮራሉን ትክክለኛ ቀለም ጠየቀ። ሦስተኛው ትእዛዙን የሰጠን ዘግይቶ ነው፤ «ከውሃ በታች ሆናችሁ ቀና ስትሉ የሚታየውን ብቻ አንሡልኝ፤ ለእናቴ ነው» አለን። አንባቢ እንደሚያየው የካሜራው ምርጫ ከዚህ በኋላ በእነዚህ ሦስት ትእዛዞች የሚመዘን ሆነ።

በመጀመሪያ የተከራከርነው ስለ ጥልቀት ነው። ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት «ይህ 15 ሜትር፣ ያኛው 30 ሜትር» የሚለውን ቁጥር ነው። ውሃ በየ10 ሜትሩ የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨምራል፤ በ10 ሜትር ላይ ያለ ዕቃ ከውሃው በላይ ካለው ሁለት እጥፍ ይጨነቃል ማለት ነው። ስኖርክል የሚሉትን የመተንፈሻ ቱቦ ነክሶ የሚዋኝ ሰው ግን ፊቱን ደፍቶ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ትንፋሹን ይዞ ቢጠልቅም እንደኛ ያለው ጀማሪ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር አያልፍም። ስለዚህ 30 ሜትር የሚለው ቁጥር ለእኛ የማንኖርበት ፎቅ ኪራይ ነው። በሌላ በኩል አንዳንድ ዕቃ ላይ የሚጻፈው አይ ፒ ኤክስ 7 የሚለው ምልክት በ1 ሜትር ውሃ ለ30 ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ብቻ ነውና ለባሕር አይበቃም። 10 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚል ከተገኘ ለስኖርክል በቂ ነው ብለን ተስማማን።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ብርሃን ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመንም ይኸው ነው። ውሃ ቀለምን እኩል አያሳልፍም። ቀዩን አስቀድሞ ይውጠዋል፤ በጥቂት ሜትር ውስጥ ቀይ የነበረው ሁሉ ዳለቻ ይመስላል፤ ሰማያዊው ግን ሩቅ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚስተው፣ የሚቆጠረው ጥልቀቱ ብቻ አለመሆኑን ነው። ኮራሉ 2 ሜትር ጠልቆ እኛ ደግሞ ከእርሱ 3 ሜትር ርቀን ብናነሣው ብርሃኑ በጠቅላላው 5 ሜትር ውሃ አቋርጦ ሌንሱ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የቀለም መድኃኒቱ ውድ ካሜራ ሳይሆን መቅረብ ነው። ፀሐይን ከኋላ አድርጎ አንድ ክንድ እስኪቀር መጠጋት፤ ካሜራው ለውሃ ውስጥ የተዘጋጀ የቀለም ማስተካከያ ካለው እርሱን መክፈት።

ለመጠጋት ደግሞ ሰፊ የሚያይ ሌንስ ያስፈልጋል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲያልፍ ስለሚታጠፍ በውሃ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ በሩብ ያህል ቀርቦ፣ በሲሶ ያህል ተልቆ ይታያል፤ የሌንሱም እይታ በዚያው መጠን ይጠብባል። ስለዚህ ካሜራ ገዢ «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ሳያቀርብ ምን ያህል ሰፊ ያያል?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል። የመለኪያው ቁጥር 25 ወይም 27 ሚሊ ሜትር ከሆነ መልካም ነው።

በዚህ ላይ የዌል ሻርኩ ጉዳይ አለ። ይህ ዓሣ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ሲሆን የሚመገበው ፕላንክተን የተባሉትን ደቃቅ ነፍሳት ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣውም እነርሱን ፍለጋ ነው። እንግዲህ ምግቡ የበዛበት ውሃ የደፈረሰ ውሃ ነው፤ ዓሣው ባለበት ጥራት የለም። እዚያ ውስጥ ፍላሽ የሚያበራ ሰው ዓሣውን ሳይሆን በፊቱ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ሁሉ ያበራና ፎቶው በረዶ የዘነበበት ይመስላል። እንስሳውንም ያስቸግራል። ስለዚህ ለፍላሽ ጉልበት ብለን አንዲት ሳንቲም ላለመጨመር ወሰንን።

ሦስተኛው የሜጋፒክስል ነገር ነው። በከተማችን ባለ አንድ ሱቅ «48 ሜጋፒክስል፣ ውሃ የማያስገባ» የተባለ፣ አምራቹ የማይታወቅ ካሜራ በርካሽ አሳዩን። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በውስጣቸው ያለው ብርሃን ተቀባይ ከተጻፈው ቁጥር እጅግ ያነሰ ነው፤ የቀረውን ነጥብ በስሌት ፈጥረው ይሞሉታል። ቡና ከአቦል እስከ በረካ ውሃ እየተጨመረበት ቢፈላ ስኒው ይበዛል እንጂ ቡናው አይበዛም። ለማነጻጸር ያህል፣ በዚህ ዓይነት ካሜራ መካከል ስመ ጥር የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኦኤም ሲስተም ቲጂ 7 ያለው 12 ሜጋፒክስል ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ዕጩዎቹን አንድ በአንድ መዘንን። ቲጂ 7 እስከ 15 ሜትር ይጠልቃል፤ ሌንሱ ብርሃን በደንብ ይቀበላል፤ በ1 ሴንቲ ሜትር ቅርበት ያለውን ነገር አጥርቶ ያነሣል። ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 550 ዶላር ያህል ስለነበረ «እግዜር ይስጥልን» ብለን አለፍነው። ሁለተኛው ያገለገለ ኒኮን ኩልፒክስ ደብሊው 300 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ እስከ 30 ሜትር የሚጠልቅ ጥሩ ካሜራ ነው፤ ነገር ግን መመረቱ ቀርቷል። ውሃ የማያስገባ ካሜራ እንደ ሌላ ዕቃ አይደለም፤ ሕይወቱ በበሩ ዙሪያ ባለችው ማሸጊያ ጎማ ላይ ናት፤ ጎማ ደግሞ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል። የቀድሞው ባለቤት አሸዋ ላይ ከፍቶት እንደ ሆነ የሚነግረን የለም።

ሦስተኛው አሳብ የእጅ ስልክን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ መግባት ነው። ርካሹ መንገድ ይኸው ነውና አንነቅፈውም። ሆኖም የስልክ ስክሪን በውሃ ውስጥ የጣትን ንክኪ በወጉ አይሰማም። ከዚህም ሌላ የዛሬ ስልክ ባንካችን፣ ደብተራችን፣ የቤተሰብ ድምፅ ማኅደራችን ነው፤ ከረጢቱ ቢያፈስ የሚጠፋው ካሜራ ብቻ አይሆንም። ስልክ የአንድ ሰው ነው፤ መዋጮው ግን የስድስት ነው፤ የጋራውን አደጋ በአንድ ሰው ኪስ ላይ መጫን ፍርድ አይሆንም።

አራተኛው ግንባር ላይ ወይም ደረት ላይ የሚታሰረው ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ትንሹ ጎፕሮ ሂሮ 200 ዶላር ያህል ነበር፤ የሚጠልቀው እስከ 5 ሜትር ነው። ዲጄአይ ኦስሞ አክሽን 4 እስከ 18 ሜትር ይደርሳል፤ ዋጋው ግን ከአቅማችን ይበልጥ ነበር። ቪዲዮ የሚሻ ሰው ከእነዚህ አንዱን ቢመርጥ አንከራከረውም። የእኛ ትእዛዞች ግን የቆመ ፎቶ ነበሩ።

በመጨረሻ የመረጥነው ኮዳክ ፒክስፕሮ ደብሊው ፒ ዜድ 2 የተባለውን ነው። 16 ሜጋፒክስል፣ 27 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 15 ሜትር ጥልቀት፤ ዋጋው የቲጂ 7ትን ግማሽ አይሞላም። በጨለማ ደካማ ነው፤ ፈጣንም አይደለም። ነገር ግን በጣት የሚጫን እውነተኛ ቁልፍ አለው፤ አዲስ ነው፤ ጎማውም ከእኛ በፊት አሸዋ አላየም። የአንዳችን እኅት ከዱባይ ስትመጣ ይዛልን መጣች። ከተረፈው ገንዘብ ቢጫ ተንሳፋፊ ማንጠልጠያ ገዛን፤ ካሜራው ብቻውን ከወደቀ ይሰምጣልና። ማንጠልጠያው ካሜራውን መሸከሙንም ሳፋ ውስጥ ፈትነን አረጋገጥን።

እዚህ ላይ የፊዚክስ ተማሪው ወንድማችን ያነሣውን ነጥብ ሳንጽፍ ብናልፍ ይቆጨናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት የባሕሩ ዳር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየር የማያሳልፍ ካሜራ እዚህ ተዘግቶ ጅቡቲ ቢደርስ፣ ገና ውሃ ሳይነካ፣ 2 ሜትር ተኩል የጠለቀ ያህል ከውጭ ይገፋል። 15 ሜትር ለሚችል ካሜራ ይህ ምንም አይደለም፤ 5 ሜትር ብቻ ለሚችል ግን የአቅሙ ግማሽ መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ከደረስን በኋላ ማታ፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ከፍተን ዘጋነው። እርጥበት እንዳይገባ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ከካሜራው ጋር በአንድ ቦርሳ አኖርናት።

አያያዙን በአጭሩ ለሚሹ እንዲህ ነው። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ጎማው በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ አንዲት ፀጉር ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ለውሃ በር ናት። ባትሪው ቤት ተሞልቶ ይወጣል፤ ባሕር ዳር በሩ አይከፈትም። ከውሃ እንደ ወጣ ጨው ሳይደርቅበት በጀሪካን የያዝነው ንጹሕ ውሃ በፈሰሰበት ሳፋ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይዘፈዘፋል፤ ቁልፎቹም እዚያው ይጫናሉ። ከዚያ በጥላ ይደርቃል። ሙከራ የሚሻ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ይበቃዋል፤ እንደ ሶደሬ ባለ ፍል ውሃ ግን አይሞክር፤ እንዲህ ያለውን ካሜራ የሚሠሩ ብዙ አምራቾች ፍል ውሃን በግልጽ ይከለክላሉ።

ባሕሩ ውስጥ ስንገባ አንድ ሕግ አወጣን። አንዱ ያነሣል፣ አንዱ አንሺውን ይጠብቃል፣ አንዱ ጀልባው ላይ ያርፋል፤ በየ20 ደቂቃው ተራ ይለወጣል። ካሜራ የያዘ ሰው ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ ይተክላል፤ ማዕበሉ ወዴት እንደሚወስደው፣ እግሩ ምን እንደሚረግጥ አያውቅም። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ነው፤ አንድ ርግጫ የብዙ ዓመት ዕድገት ይሰብራል። ዌል ሻርኩንም መንካት፣ መንገዱንም መዝጋት አይገባም። ለፎቶ ተብሎ የሚጎዳ ባሕር ፎቶው ቢያምርም ዕዳ ነው።

በሦስት ቀን ከ400 በላይ ፎቶ አነሣን፤ መርጠን ያስቀረነው 31 ነው። ዓሣው ባለነጠብጣብ ግድግዳ መስሎ በአጠገባችን ሲያልፍ በአንዱ ፎቶ ጭራው ተቆረጠ፣ በሌላው ደግሞ ራሱ ደበዘዘ። በአንዲቱ ግን የግራ ጎኑ ነጠብጣቦች እንደ ፊደል ይነበባሉ። የባዮሎጂው ተማሪ ያን ጊዜ ትእዛዙን አብራራልን። የአንዱ ዌል ሻርክ ነጠብጣብ ከሌላው አይመሳሰልም፤ እንደ ጣት አሻራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት የከዋክብትን አቀማመጥ ለማነጻጸር የተሠራውን የሒሳብ ዘዴ ወስዶ ዓሣዎቹን በነጠብጣባቸው ለመለየት አውሎታል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ጎብኚ ያነሣው ፎቶ ለዚህ ሥራ ሊያገለግል ይችላል። የሚፈለገው ውበት አይደለም፤ የሚነበብ ግራ ጎን ነው። ለዚህ ደግሞ የእኛ ርካሽ ካሜራ በቃ።

ቀለም የጠየቀውም ከአንድ ክንድ ቅርበት የተነሣ ቀይና ብርቱካን ኮራል አገኘ። ለሦስተኛው የደረሰው ከ2 ሜትር ጥልቀት ቀና ተብሎ የተነሣ ፎቶ ነው። በዚያ ስፍራ ሰማይ የሚታየው በክብ መስኮት በኩል ብቻ ነው፤ ብርሃን ሲታጠፍ ሰማዩን በሙሉ ወደዚያች ክብ ይሰበስበዋል፤ ከክቧ ውጭ ያለው የውሃ ገጽ እንደ መስተዋት የታችኛውን ጥልቅ ያሳያል። ወንድማችን ፎቶውን አሳጥቦ ይዞላቸው ሄደ። እናቱ ልጅ በወንዝ ሙላት ያጡ ሰው ናቸው፤ ይህን እኛ ቀድሞ አላወቅንም ነበር። ብዙ ጊዜ ካዩት በኋላ «ከታች ሆነውም ብርሃን ያያሉ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁት። «አዎን» አላቸው። ሌላ አልተነጋገሩም። ፎቶዋ ግን ከምስሏ ጎን ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች።

እንግዲህ ስለ ካሜራ ስንመርጥ የተማርነው ይህ ነው፤ ዕቃ የሚለካው በተጻፈበት ቁጥር ሳይሆን በታዘዘበት ሥራ ነው። 30 ሜትሩም፣ 48 ሜጋፒክስሉም ከሦስቱ ትእዛዞች አንዱን አይፈጽሙልንም ነበር።

ካሜራው አሁን ከእኛ ሣጥን ውስጥ ያለ ሥራ ተቀምጧል፤ ጎማው ደግሞ ሥራ ፈትቶም ያረጃል። ስለዚህ ስድስታችንም ተስማምተን ለተማሪዎች ኅብረታችን ለማዋስ ቆርጠናል። ወደ ሐይቅ፣ ወደ ወንዝ፣ ዕድል ከቀናም ወደ ባሕር ለጥናት የሚወጣ የማንኛውም ትምህርት ክፍል ተማሪ ሊወስደው ይችላል። ኪራይ የለውም። ሁለት ግዴታ ግን አለበት። ከመሄዱ በፊት በእኛ ፊት ጎማውን ጠርጎ በሳፋ ፈተናውን ይለፍ፤ ሲሄድም መሄድ ካልቻሉት ጓደኞቹ ከአንዱ ቢያንስ አንድ ትእዛዝ ይቀበል።